የደም ሥር ሕመሞችና ቀዶ ሕክምናቸው፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በባሕር ዳር በቀዶ ሕክምና ሥራ ላይ ሳለን ከታካሚዎች፣ ከአስታማሚዎችና በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ከሚሠሩ ባልደረቦቻችን ዘወትር የምንሰማቸውን ጥያቄዎች ይዘን ነው። ሰው እጁን ወይም እግሩን በሚያጣባቸው ጉዳዮች ላይ ሰፋ አድርገን ጽፈናል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ሕመሞች የሚወስኑት ሰዓታት በአብዛኛው የሚያልፉት ታካሚው ገና ቤቱ ወይም መንገድ ላይ ሳለ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ያለው ሰው የሚያውቀው ነገር ከእኛ መሣሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል።

የደም ሥር ሐኪም የሚያክመው ምኑን ነው?

«ሥር» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ነገር ይሸከማል። ወገቡን የያዘው ሰው «ሥሬን አመመኝ» ይላል፤ ጅማቱ የተሳበውም፣ እጁ የሚደነዝዘውም ያንኑ ቃል ይጠቀማል። በዚህ የተነሣ የነርቭ ወይም የጅማት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሩቅ መንገድ ተጉዘው፣ ወረፋ ጠብቀው እኛ ዘንድ ከደረሱ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ሲላኩ ያዝናሉ። እኛ ደም ሥር የምንለው ደም የሚመላለስበትን ቧንቧ ነው። ደም ቅዳ ከልብ ተነሥቶ ደምን ወደ እጅና እግር፣ ወደ አንጎልና ወደ ሆድ ዕቃ ያደርሳል፤ ደም መልስ ደግሞ ያንኑ ደም ወደ ልብ ይመልሳል። ደም ቅዳ ሲጠብ ወይም ሲዘጋ ደም ያጣው አካል ይቀዘቅዛል፣ ያማል፣ ሲብስም ይሞታል። ደም መልስ ሲዘጋ ወይም በውስጡ ያሉት ክዳኖች ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ስለሚጠራቀም እግር ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቆስላል። ልብን ራሱን የሚያክሙት ሌሎች ሐኪሞች ናቸው፤ ይሁንና የልብ ሕመም በእግር በኩል ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ስሄድ ባቴን ይይዘኛል፣ ስቆም ይተወኛል። እርጅና ነው?

እርጅና ብቻ ነው ብለው አይተዉት። ጥቂት ሲራመዱ ባትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚለቅ፣ ያንኑ ያህል ርቀት ሲሄዱ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ ሕመም የእግር ደም ቅዳ ለመጥበቡ ዋነኛ ምልክት ነው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነችና ባጃጅ በየመንገዱ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይህን ሕመም ለዓመታት ሳያውቀው ይኖራል፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ለመውጣት የሞከረ ቀን ወይም ገጠር ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ቀን ነው የሚገለጥለት። ሲጋራ በሚያጨሱ፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል።

ምርመራው ቀላል ነው፤ አያምም። በክንድ ላይ እንደሚለካው ሁሉ የደም ግፊት በቁርጭምጭሚት ላይም ይለካና የቁርጭምጭሚቱ ቁጥር ለክንዱ ቁጥር ይካፈላል። ጤናማ እግር ላይ ውጤቱ ከ1.0 እስከ 1.4 ይሆናል፤ 0.9 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል ማለት ነው፤ ከ0.4 በታች ሲወርድ እግሩ አደጋ ላይ ነው። የስኳር ሕመም ለብዙ ዓመት በቆየባቸው ሰዎች ላይ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ስለሚደርቅ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በቁጥሩ ብቻ አይረካም።

ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሲጋራ በማቆም፣ ስኳርንና ግፊትን በመቆጣጠር፣ እንደ አስፕሪንና እንደ ስታቲን (የደም ስብ የሚቀንስ) ያሉ መድኃኒቶችን ሐኪም ባዘዘው መሠረት በመውሰድ፣ በተለይም በየቀኑ ሕመሙ እስኪመጣ ተራምዶ፣ ዐርፎ፣ ደግሞ በመራመድ ይሻላቸዋል። «እግሬ ስለሚያመኝ መራመድ ተውኩ» የሚለው ውሳኔ ሕመሙን ያባብሰዋል። ሌሊት ተኝተው ሳሉ ጣቶቹ የሚያሙ ከሆነ፣ እግርን ከአልጋ ላይ ቁልቁል ሲያንጠለጥሉት የሚቀልል ከሆነ፣ ወይም የማይድን ቁስል ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ያኔ የጠበበውን ቧንቧ በባሉን ማስፋት፣ ስቴንት የተባለውን ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ ማስገባት፣ ወይም ከራሱ ከታካሚው እግር በተወሰደ ደም መልስ አዲስ መተላለፊያ መሥራት ያስፈልግ ይሆናል። ይህኛው ባይፓስ የሚባለው ነው።

የእግሬን የደም ምት እቤቴ ልፈልገው እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ሁሉም ሰው ቢለምደው እንወዳለን። ጫማና ካልሲዎን ያውልቁ። የጫማ ክር በሚታሰርበት በኩል፣ ከአውራ ጣትና ከቀጣዩ ጣት መገናኛ ተነሥተው ወደ ቁርጭምጭሚት አቅጣጫ ሁለት ሦስት የጣት ስፋት ከፍ ይበሉ፤ እዚያ ላይ ሁለት ጣትዎን ሳይጫኑ አሳርፈው ይጠብቁ። ትር ትር የሚል ነገር ይሰማዎታል። ሁለተኛው ቦታ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ ያለው ጎድጓዳ ነው። አጥብቀው ከተጫኑ የሚሰሙት የራስዎን ጣት ምት ስለሚሆን ቀለል ያድርጉት። በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎች ላይ የመጀመሪያው ቦታ ምት ላይገኝ ይችላል፤ ሁለቱም ቦታዎች ላይ ካጡት፣ ወይም አንደኛው እግር ላይ ያለው ሌላኛው ላይ ከጠፋ ለሐኪም ይንገሩ።

እግር በድንገት ቢቀዘቅዝና ቢያም እስኪነጋ መጠበቅ ይቻላል?

አይቻልም። ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለንም።

ደህና የነበረ እግር ወይም እጅ በድንገት አጥብቆ ሲያም፣ ነጭ ወይም አመድማ ሲሆን፣ ከሌላኛው ይልቅ ሲቀዘቅዝ፣ ምቱ ሲጠፋ፣ ቀጥሎም ሲደነዝዝና ጣቶቹ አልታዘዝ ሲሉ የደም ቅዳው በረጋ ደም ተዘግቷል ማለት ነው። ጡንቻና ነርቭ ያለ ደም የሚቆዩት በግምት ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለችው እያንዳንዷ ሰዓት እግሩን የማትረፉን ዕድል ትቀንሰዋለች። በጣና ዙሪያ ለሚኖር ሰው ይህ ስሌት ከባድ ነው። ከደቅ ደሴት ወይም ከሐይቁ ማዶ የሚመጣ ሰው ጀልባ መጠበቅ አለበት፤ ከባሕር ዳር ውጭ ካለ ቀበሌ የሚመጣ ሰው እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ መምጣት አለበት። ስድስቱ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ሕመሙ ከጀመረበት ቅጽበት እንጂ ታካሚው ካርድ ካወጣበት ሰዓት አይደለምና፣ ምልክቱ እንደታየ ሰው መጥራትና መጓጓዣ መፈለግ ያስፈልጋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በዚያ መካከል በቤት የሚደረጉ ጎጂ ነገሮች አሉ። ሰዉ እግሩ ሲቀዘቅዝ «ብርድ ገብቶበት ነው» ወይም «ምች ነው» ብሎ በቅቤ ያሸዋል፣ ከምድጃ ያስጠጋዋል፣ በሙቅ ውኃ ይዘፈዝፈዋል። የደነዘዘ እግር ትኩሳቱን ስለማይለይ ሳይታወቀው ይቃጠላል፤ ማሸትም ያለ ደም የቀረውን ጡንቻ ይጎዳዋል። እግሩን በለስላሳ ጨርቅ ሸፈን አድርገው፣ ወደ ላይ ሳያነሡት፣ ከአካሉ ጥቂት ዝቅ አድርገው ያስተኙትና ይጓዙ።

ይህ ሕመም በአገራችን ወጣቶችንም ይይዛል፤ የልብ ነገር የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። በልጅነት ተደጋግሞ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የልብን ክዳን የሚጎዳ በሽታ ያስከትላል። ክዳኑ ሲጠብ ልብ ያለ ሥርዓት መምታት ይጀምራል፤ በልብ ውስጥ የቆመው ደም ይረጋል፤ ከረጋው ደም አንዲት ቁራጭ ተነቅላ ወደ እግር ስትወርድ በሚጠብበት ቦታ ትወተፋለች። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት እናት በድንገት እግሯ ቀዝቅዞ ስትመጣ መጀመሪያ የምናዳምጠው ልቧን ነው። ሕክምናው፣ በጊዜ ከተደረሰ፣ የሚገርም ያህል ቀላል ነው፤ ብሽሽት ላይ በምትከፈት ትንሽ ቁስል በኩል ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ከረጋው ደም አልፎ ይገባል፣ ፊኛው ይነፋል፣ ቱቦው ሲሳብ የረጋው ደም አብሮ ይወጣል። ይህን ቱቦ ቶማስ ፎጋርቲ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ለሙያው አስተዋወቀው፤ እስከ ዛሬ የምንጠቀመው እርሱን ነው።

በአንድ ቤት ወይም በአንድ ጎጥ ብዙ ሰዎች እግራቸው አብሮ ከቀዘቀዘና ጣቶቻቸው ከጠቆሩ ግን የሚበሉት እህል ይጠርጠር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ዋድላ ደላንታ ውስጥ ከገብስ ጋር በተቀላቀለ የዱር ስናር ላይ የበቀለ መርዛማ ሻጋታ የደም ሥርን አኮማትቶ ብዙ ሰዎችን ለእግር መበስበስ ዳርጓል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ለጤና ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ እህሉም ሳይጣል ለናሙና ይቀመጥ።

ስብራት ወጌሻ ዘንድ መውሰድ ከደም ሥር ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብልጠን በጥንቃቄ መመለስ እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም በዚህ መንገድ እጃቸውን ወይም እግራቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ሕዝቡ ወጌሻን የሚያምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርብ ነው፤ ቤት ድረስ ይመጣል፤ የሚቀበለው ገንዘብ ከመጓጓዣው እንኳ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡን በስም ያውቃል። አደጋው ያለው በማሰሪያው ላይ ነው።

አጥንት ሲሰበር ዙሪያው ያለው ሥጋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያብጣል። የተቀጠቀጠ ቀርከሃ ዙሪያውን ተደርድሮ በገመድ ከተጠፈረ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይጫናል፤ መጀመሪያ ደም መልሱ፣ ቀጥሎ ጥቃቅኖቹ ደም ሥሮች፣ በመጨረሻም ደም ቅዳው ይታፈናል። አንድ ጊዜ ከመራዊ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣ፣ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ተቀብለናል። ከብት ሲጠብቅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። በመጀመሪያው ሌሊት ሲያለቅስ አደረ፤ ትልልቆቹ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ብለው አባበሉት። በሁለተኛው ሌሊት ዝም አለ፤ ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ አመሰገነ። ልጁ ዝም ያለው ነርቮቹ ስለሞቱ ነበር። በአራተኛው ቀን ማሰሪያው ሲፈታ የገመዱ መስመር በቆዳው ላይ እንደ ቀለበት ተሥሎ፣ ከቀለበቱ በታች ያሉት ጣቶች እንደ ከሰል ጠቁረው ነበር። አባትየው ጣቶቹን በሁለት እጁ ይዞ እየተነፈሰባቸው ሊያሞቃቸው ይሞክር ነበር። እጁን ማትረፍ አልተቻለም።

ስለዚህ ስብራትን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ቀድሞ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ማንኛውም ሰው የሚከተለውን ይመልከት፤ ይህ በሆስፒታል ለታሰረ ጄሶም ይሠራል። ጣቶቹ ከማሰሪያው ውጭ መታየት አለባቸው። ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ በሁለት ሴኮንድ ገደማ መመለስ አለበት። ጣቶቹን ቀስ አድርገው ሲዘረጓቸው ልጁ ከልክ ያለፈ ሕመም ካሳየ፣ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ እስከ ቆዳው ድረስ ይፈታ። አጥንቱ ጠምሞ ቢገጥም በኋላ ሊስተካከል ይችላል፤ የሞተ እጅ ግን አይመለስም።

እግሬ አብጧል። ዝሆኔ ነው ወይስ የደም ሥር?

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይነሣል። ዝሆኔ የሚባለው እብጠት በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ቅንጣቶች በቆዳው አልፈው የሰውነት ፈሳሽ የሚመለስባቸውን ቀጫጭን መንገዶች ይዘጋሉ። በዘር መርገም የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ትንኝም አታመጣውም። በአብዛኛው ከእግር መዳፍና ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አያልፍም፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል። ሕክምናው በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰርና ጫማ መጫማት ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጥቂቱን ሰው ብቻ ነው።

አንዱ እግር ብቻ፣ በቀናት ውስጥ፣ ባቱ ጠጥሮና ሞቆ ካበጠ ግን በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናልና ዛሬ ነገ አይበሉ። ሁለቱም እግሮች እኩል አብጠው፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነና ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት ይመርመሩ። ምሽት ላይ ብቻ አብጦ ጠዋት የሚጎድል፣ ከላዩ የተጠማዘዙ ደም ሥሮች ያሉበት እግር ደግሞ የደም መልስ ክዳኖች መላላት ነው። በፎገራ የሩዝ ማሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በውኃ ቆመው የሚውሉ ሰዎች እብጠታቸውን ሁሉ ከውኃው ጋር ያያይዙታል፤ ሩዝ ያረሰ ሁሉ እግሩ ያብጣል ብለው ግን ምርመራውን አይተዉት።

ባት ውስጥ የረጋ ደም ይህን ያህል የሚያስፈራው ለምንድን ነው?

ቁራጩ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ነው። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም ራስን መሳት ከታየ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። አደጋው ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በካንሰር ሕመም ጊዜና ለረጅም ጊዜ ከአልጋ በማይነሣ ሰው ላይ ይጨምራል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰውም በየዕረፍቱ ወርዶ ይንቀሳቀስ፣ ተቀምጦም ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ። አራስን ቤት ማቆየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ከአልጋ ሳትወርድ እንድትከርም ማድረግ ግን ለደም መርጋት ያጋልጣታል፣ በቤት ውስጥ ትመላለስ።

ምርመራው በዶፕለር አልትራሳውንድ ይደረጋል። ሕክምናው በአብዛኛው እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው፤ ቢያንስ ለሦስት ወር ይወሰዳል።

ዋርፋሪን እየወሰድኩ መጾም እችላለሁ?

መጾም ይችላሉ፤ ሐኪምዎ ግን ሊያውቀው ይገባል። ዋርፋሪን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ላይ ተቃራኒ ሆኖ ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይህን ቫይታሚን በብዛት ይይዛሉ። ከገና በኋላ ሥጋና ወተት ሲበላ የሰነበተ ሰው ዐቢይ ጾም ገብቶ ለ55 ቀን ጎመን በየዕለቱ ቢበላ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል፤ ጾሙ ተፈትቶ ጎመኑ በድንገት ሲቀር ደግሞ ደሙ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ጎመን አይከለከልም፤ የሚፈለገው በሳምንት የሚበሉት መጠን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ እንዲሆን ነው። የደሙ ቅጥነት አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ ይለካል፤ ለአብዛኛው ታካሚ ከ2 እስከ 3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራውን ማስደጋገም እንመክራለን።

ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራስዎ ገዝተው አይውሰዱ፤ ከዋርፋሪን ጋር ሆድ ውስጥ ደም ያፈሳሉ። ዋርፋሪን ፅንስን ስለሚጎዳ ለማርገዝ የምታስብ ወይም የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ሳትውል ሳታድር ትንገረን። የአይ ኤን አር ክትትል የማያስፈልጋቸው አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን የልብ ክዳናቸው ጠቦ ልባቸው ያለ ሥርዓት ለሚመታ ሰዎች አሁንም የሚመረጠው ዋርፋሪን ነው።

እግሬ ላይ የተወጣጠሩት ደም ሥሮች ቢወጡ ደሙ በየት ይሄዳል?

በጥልቁ ደም መልስ በኩል ይሄዳል፤ ዱሮም አብዛኛው የእግር ደም የሚመለሰው በዚያ ነው። ላይኛው ተወጣጥሮና ክዳኑ ላልቶ ከነበረ ሲወገድ እግሩ ይቀልለዋል። ከመወሰናችን በፊት ግን ጥልቁ ደም መልስ ክፍት መሆኑን በአልትራሳውንድ እናረጋግጣለን። በዚህ ሕመም በብዛት ወደ እኛ የሚመጡት ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው፦ መምህራን፣ ፀጉር አስተካካዮች፣ አስተናጋጆች፣ ሌሊቱን በማሕሌት ቆመው የሚያድሩ አገልጋዮች። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ የወጣና ለወራት ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው በመድኃኒት ብቻ አይድንም፤ ከጣቶች እስከ ጉልበት በትክክል የታሰረ ፋሻ ያስፈልገዋል። የደም ቅዳው ምት ሳይመረመር እግርን አጥብቆ ማሰር አደጋ ስላለው ፋሻውን በራስዎ አይጀምሩ።

ስኳር አለብኝ፤ እግሬን እንዴት ልጠብቅ?

በየማታው የእግርዎን መዳፍና የጣቶችዎን መካከል ይመልከቱ፤ ማየት ካልቻሉ ልጅዎ ይይልዎት። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሚስማር ወግቶት ቀኑን ሙሉ አብሮት የዋለ ሰው አይተናል፤ ያወቀው ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ግድ ነውና ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ በፀሐይ የጋለ ንጣፍ ላይ በባዶ እግር አይቁሙ። ቁስል በሁለት ቀን ውስጥ መቀነስ ካልጀመረ ይምጡ።

ለኩላሊት እጥበት «ፊስቱላ ይሠራልሽ» ተባልኩ። ይህ የወሊድ ሕመም አይደለም?

ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው። ባሕር ዳር የሐምሊን የፊስቱላ ማዕከል ያለባት ከተማ ስለሆነች ቃሉን የሰማች ሴት ሁሉ በምጥ የሚመጣውን ጉዳት ታስባለች፤ አንዳንዶች በኀፍረት ቀጠሯቸውን ጥለው ይቀራሉ። ለኩላሊት እጥበት የሚሠራው ፊስቱላ በእጅ አንጓ ወይም በክንድ ላይ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር በስፌት ማገናኘት ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ ሐኪሞች ለዓለም የተገለጠ ሲሆን፣ በአንገት ላይ ከሚገባ ቱቦ ይልቅ ለኢንፌክሽን የሚያጋልጠው እጅግ ያነሰ ነው። ደም መልሱ ወፍሮ ለመርፌ እስኪደርስ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅ እጥበት ሳይጀመር ቀድሞ ቢሠራ ይመረጣል። በዚያ እጅ ደም አይቀዳ፣ ግፊት አይለካ፣ ሰዓትና አምባር አይታሰርበት፣ ከባድ ነገርም አይንጠልጠልበት። በየጠዋቱ ጣትዎን ሲያሳርፉበት የሚርገበገብ ስሜት አለው፤ መርገብገቡ ከጠፋ በዚያው ቀን ይምጡ።

ደም የሚያፈስ ቁስል ሲያጋጥም ምን ይደረግ?

በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ በቀጥታ አጥብቀው ይጫኑ፤ እየገለጡ አይመልከቱ። የቡና ዱቄት፣ አፈር ወይም ቅጠል አይነስንሱበት። በመጫን የማይቆም የእጅ ወይም የእግር ደም ሲሆን ብቻ ከቁስሉ በላይ ሰፋ ባለ ጨርቅ ያስሩና ያሰሩበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል። በማጭድ፣ በስለት ወይም በጥይት የተቆረጠ ደም ቅዳ ከፀጉር በሚቀጥን ክር ሊሰፋ ይችላል፤ ለዚህ ስፌት መሠረት የጣለው ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሲስ ካሬል እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል።

ከቁስሉ መዳን ከሳምንታት በኋላ በቦታው ላይ ትር ትር የሚል እብጠት ከወጣ እባጭ መስሎት ማንም እንዳይበጣው። ከተቀደደ ደም ሥር የወጣ ደም የተጠራቀመበት ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ በምላጭ ከተከፈተ ደሙ አይቆምም። እንዲሁም በሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ ደም ቅዳ ሊለጠጥ ይችላል፤ ጤናማ ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በወንዶች 5.5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

እግሬን ትቆርጡታላችሁ?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ስለሚፈራው ብቻ ይዘገያል፤ የፈራውንም ነገር የሚያመጣበት መዘግየቱ ነው። ደም ወደ እግሩ መመለስ የሚቻል እስከሆነ ድረስ ያንን እንሞክራለን። እግሩ ሞቶ ከሆነ ግን የሞተው ሥጋ መርዝ ወደ ደም ስለሚለቅ ሰውየውን ይገድለዋል፤ ያኔ መቁረጥ ነፍስ ማትረፍ ነው። ውሳኔው ያለ ታካሚው ፈቃድ አይደረግም። ቤተሰብ ተሰብስቦ መምከሩ ተገቢ ነው፤ ምክሩ ለሦስት ቀን ሲዘልቅ ግን ከጉልበት በታች ይቆረጥ የነበረው ከጉልበት በላይ ይሆናል። ጉልበት የቀረለት ሰው በሰው ሠራሽ እግር መራመድ እጅግ ይቀልለዋል።

ስመጣ ምን ልያዝ?

ድንገተኛ ካልሆነ ከጤና ጣቢያ ወይም ከወረዳ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይዘው ቢመጡ ወደ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲሄዱ አሠራሩ ይቀልልዎታል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ተጠቃሚም ያለ ሪፈር ወረቀት ሊቸገር ይችላል። አንዳንድ ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ ሊያስኬድ ስለሚችል ወረቀቶችዎን በአንድ ፌስታል ያኑሩ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነብልቃጣቸው ያምጡ። ድንገተኛ ከሆነ ወረቀቱን ሳይጠብቁ ይምጡ። ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከተያዘልዎት ምግብ ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል፤ ዋርፋሪንና የስኳር መድኃኒት ግን መቼ እንደሚቆሙ አስቀድመው ይጠይቁ። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ደም መለገስ የሚችል ጤነኛ ዘመድ አብሮ ቢመጣ ይረዳል። ሱሪዎ ከጉልበት በላይ በቀላሉ የሚጠቀለል ይሁን፤ ሁለቱንም እግርዎን ማየት እንፈልጋለን፣ የታመመውን ብቻ ሳይሆን።